ከባድ መኪናችሁ ቆሞ ስንት ይበላል? የጭነት ሥራ ወጪን ከደብተር ጀምሮ መያዝ

ከጂቡቲ ወደ ሞጆ 400 ኩንታል ስንዴ። በኩንታል 500 ብር። ጠቅላላ 200,000 ብር። ናፍጣ 67,200 ብር ሄደ። አበል፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመንገድ ክፍያ ምናምን ተደምሮ 15,000። ባለመኪናው ቀንሶ ቀንሶ «118,000 ገደማ ተረፈኝ» ይላል። ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል።

ታላቅ ወንድሜም እንደዚህ ነበር የሚቆጥረው። መኪናውን ከነተሳቢው በባንክ ብድር ገዝቶ ሰባት ወር ሠራ። ሥራ አልጠፋም። መኪናውም ጋራዥ አልተኛም። ጎማ መቀየሪያው ሲደርስ ግን ኪሱ ባዶ ሆነ። «ብሩ የት ነው የሚገባው?» ብሎ ደብተሩን ይዞ እኔ ጋ መጣ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ከባድ መኪና የማውቀው ጋቢናው ከፍ ያለ መሆኑን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ።

ይህ መመሪያ አንድ ወይም ሁለት መኪና ላለው ሰው ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ሒሳብ ክፍልም ጂፒኤስም አላቸው። ምሳሌዬ ከሞጆ ጂቡቲ ደርሶ መልስ ነው፤ ነገሩ ግን ጅማም ጎንደርም ለሚመላለስ ይሠራል። የምጠቅሳቸው የብር ቁጥሮች ለስሌት እንዲቀልሉ የተጠጋጉ ናቸው። የእናንተን ተኩባቸው።

ደረጃ 1፦ የአንድ ቀን ዋጋ

መኪናው ቢሠራም ባይሠራም የሚወጣውን ወጪ በዓመት ደምሩ። ለእኛ ምሳሌ እንዲህ ይሁን።

የመኪናው እርጅና። በ12 ሚሊዮን ተገዝቶ ከ8 ዓመት በኋላ በ6 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ በዓመት 750,000 ብር።
የባንክ ወለድ 1,200,000።
ኢንሹራንስ 200,000።
የሹፌርና የረዳት ቋሚ ደመወዝ 300,000።
ቦሎ፣ ማደሪያ፣ ጥበቃ፣ የማህበር መዋጮ 110,000።

ድምሩ 2,560,000 ብር ነው። ለ365 ሲካፈል በቀን 7,000 ብር ገደማ ይመጣል።

እርጅናው ላይ ወንድሜ ተከራከረኝ። «የምን እርጅና? መኪናው እኮ ከገዛሁበት ዋጋ በላይ እየተጠየቀ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ሽቅብ ነው። ግን አስቡት። ያንን መኪና ሸጣችሁ አዲስ ስትገዙ አዲሱም ያው ጨምሯል። አሮጌውና አዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት የምትሞሉት ከዚህ ሥራ ነው። ስለዚህ እርጅናውን አትሰርዙት። እንዲያውም በዛሬ ዋጋ አስሉት።

ወለድ የለብኝም የሚል አለ። በራሱ ብር ነው የገዛው። እሱም ቢሆን ብሩ ባንክ ቢቀመጥ ወይም ቤት ቢገዛበት የሚያገኘውን ያስብ።

ይህ 7,000 ብር ትልቁ ቁጥር ነው። ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 2፦ የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ

አሁን ደግሞ ጎማው ሲንከባለል ብቻ የሚወጣው።

ናፍጣ። ከሞጆ ጂቡቲ 840 ኪሎ ሜትር እንበል፤ ደርሶ መልስ 1,680። ባዶ ሲወርድ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር፣ ጭኖ ሲወጣ 50 ሊትር ቢበላ፣ 252 እና 420፣ ድምር 672 ሊትር። አንዱን ሊትር 100 ብር ብንይዝ 67,200። በኪሎ ሜትር 40 ብር።

ጎማ። ከነተሳቢው 22 ጎማ። አንዱ 40,000 ብር፣ ዕድሜው 70,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ በኪሎ ሜትር 12.60 ብር ገደማ። ብዙ ሰው ይህን አይቆጥርም። ጎማ በየቀኑ ስለማይገዛ ወጪ አይመስልም፤ ግን በየኪሎ ሜትሩ እየተፋቀ ነው።

ዘይትና ፊልትሮ። በ15,000 ኪሎ ሜትር 45,000 ብር ቢወጣ 3 ብር።

ጥገና። ፍሬን ሸራ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን። የዓመቱን ደምራችሁ ለተነዳው ኪሎ ሜትር አካፍሉ። 8 ብር እንያዝ።

ድምሩ 64 ብር ገደማ። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ደረጃ 3፦ ቢያጆውን (የደርሶ መልስ ጉዞውን) በሁለቱ ቁጥሮች መመዘን

1,680 ኪሎ ሜትር በ64 ብር 107,520 ነው። የመንገድ ወጪ 15,000 ሲጨመር 122,520። ቀኖቹን ደምሩበት።

ቢያጆው 8 ቀን ከፈጀ 56,000 ይጨመራል፤ ወጪው 178,520። ከ200,000 ላይ 21,480 ብር ተረፈ።

14 ቀን ከፈጀ 98,000 ይጨመራል፤ ወጪው 220,520። 20,520 ብር ከሰረ።

ያው ጭነት፣ ያው መንገድ፣ ያው ሹፌር፣ ያው ዋጋ። የተለየው 6 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ቢያጆው የሚያዋጣው እስከ 11ኛው ቀን ነው። 12ኛው ቀን ላይ ባለመኪናው ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚሠራው። ግብር ገና አልገባም።

ወንድሜ ይህን ሲያይ ሻዩን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። 118,000 «የተረፈችው» ብር ወለድ፣ ጎማና እርጅና ነበረች። እሱ እንደ ትርፍ እየበላት ነበር።

ደረጃ 4፦ ቀኖቹ የት እንደገቡ መጻፍ

ብዙ ባለመኪና ወጪ ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚነካው የሹፌሩን አበል ነው። እኔ ግን ትልቁን ብር ያገኘሁት ቀኖቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ለእያንዳንዱ ቢያጆ አንድ ገጽ ክፈቱ። ሹፌሩ ስድስት ሰዓቶችን ብቻ በስልክ መልእክት ይላክላችሁ። የተነሳበት፣ መጫኛው በር የደረሰበት፣ ጭኖ የወጣበት፣ ሰነዱ አልቆ የተነሳበት፣ ማራገፊያው በር የደረሰበት፣ አራግፎ የወጣበት። ሌላ ምንም አትጠይቁት። ብዙ ስትጠይቁ ምንም አይልክም።

ከደብተራችን አንድ ገጽ እነሆ።

ቀን 1 እና 2፦ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጂቡቲ። ባዶ።
ቀን 3፣ 4፣ 5፦ መጫኛ በር ላይ ወረፋ።
ቀን 6 እና 7፦ ተጭኗል። ሰነዱ ላይ የተሳቢው ታርጋ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። እስኪታረም ቆመ።
ቀን 8 እና 9፦ ጉዞ፣ ጭኖ።
ቀን 10፦ እሁድ። መጋዘኑ ዝግ።
ቀን 11፣ 12፣ 13፦ ለማራገፍ ወረፋ።

ከ13 ቀን ውስጥ ጎማው የተንከባለለው 4 ቀን ነው። 9ኙ ቀን ቆሟል። 63,000 ብር። የታርጋዋ አንዲት ቁጥር ብቻዋን 14,000 ብር በላች።

ይህ ገጽ ሦስት ነገር አስተማረን።

አንደኛው ከመነሳት በፊት መደወል ነው። «ጭነት አለ፣ ቶሎ ላክ» ሲባል ወዲያው መሮጥ ቀርቷል። መርከቡ እያራገፈ ነው ወይስ ገና ውጭ ነው የቆመው? ከፊታችን ስንት መኪና ተሰልፏል? ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ሰነድ አስፈጻሚው) ሰነዱን ጨርሷል? መልሱ ካልጠራ መኪናው ሞጆ ቢያድር ይሻላል። የቀኑ 7,000 ብር እዚህም ይቆጥራል፤ ግን የበረሃ አበል አይጨመርበትም፣ ሰርቪስም ይሠራበታል፣ ሹፌሩም ልጆቹን ያያል።

ሁለተኛው የሰነድ ፎቶ ነው። የታርጋ፣ የተሳቢ ታርጋ፣ የሊብሬ፣ የመንጃ ፈቃድ ጥርት ያለ ፎቶ ለትራንዚተሩ በጽሑፍ ይላክ። በስልክ ቁጥር ማንበብ ክልክል ነው። ሰነዱ ሲወጣ ደግሞ ሹፌሩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ እኔ ቁጥር በቁጥር አመሳክራለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሦስተኛው ውሉ ውስጥ የሚገባ ዓረፍተ ነገር ነው። «መኪናው ማራገፊያ ቦታ ከደረሰ ከ48 ሰዓት በኋላ ለሚቆምበት ለእያንዳንዱ ቀን ይህን ያህል ብር ይከፈላል።» ሰዎች ዲመሬጅ ይሉታል። ጭነት አስጫኞች አይወዱትም። እኛም መጀመሪያ ለመጠየቅ አፍረን ነበር። ሲጠየቅ ግን ግማሹ ይስማማል። ያልተስማማውም ቢያንስ መጋዘኑን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ዋናው ማስረጃ ነው። ሹፌሩ በሩ ላይ እንደደረሰ የመጋዘን ጠባቂው ወይም ንብረት ክፍሉ ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርምለት። ያለ ፊርማ ዲመሬጅ መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው።

ደረጃ 5፦ ናፍጣውን በትክክል መለካት

«መኪናዬ በሊትር 2.5 ይሄዳል» የሚል ባለመኪና ሁሉ ለክቶ አይደለም። ልኬቱ ቀላል ነው። ጋኑን ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ቢያጆው አልቆ ሲመለስ እዚያው ማደያ እንደገና ጢም ይበል። በመንገድ የተቀዳውንና አሁን የገባውን ሊትር ደምሩ። ያ ነው የበላው። ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት መከፈል ከጀመረ ወዲህ ደረሰኙ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ነፃ የሒሳብ ሠራተኛ አገኛችሁ ማለት ነው። ሹፌሩ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛው ካለ ግን ለብቻው ይጻፍ፤ ዋጋውም ጥራቱም ሌላ ነው።

የሽቅቡንና የቁልቁሉን ለይታችሁ ለኩ። የእኛ አገር መስመር ጠባዩ ክፉ ነው። ጂቡቲ ባሕሩ ዳር ናት። ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ከምንልከው ይልቅ የምናስገባው ስለሚበዛ መኪናው ባዶውን ይወርድና ሞልቶ ይወጣል። 40 ቶን ጭነት 1,800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ወደ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት አለ፤ ሞተሩ ከዚያ 4ቱን ቢያወጣ ጎበዝ ነው። ስለዚህ 50 ሊትር ያህሉ ጭነቱን ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ ነው። የመኪናው የራሱ ክብደት፣ የነፋሱና የጎማው ግፊያ ገና አልገባም። ጭኖ የወጣውን ከባዶው ጋር አማካይ አድርጋችሁ ሹፌሩን «ለምን በዛ?» ብትሉት ግፍ ነው።

ግፍ ካልኩ አይቀር፣ የራሴን ልናገር። ሹፌራችን በዕድሜ ከእኔ በጣም ይበልጣል፤ ጋሼ ነው የምለው። አንድ ጊዜ ሽቅቡ 420 መሆን ሲገባው 470 ሊትር ሆነብኝ። ደወልኩ። «ጋሼ፣ 50 ሊትሩ የት ገባ?» አልኩት፤ ድምፄ ውስጥ ያለው ነገር ገብቶታል። ትንሽ ዝም አለና «ልጄ፣ መኪናው አልጎትት አለኝ ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ። እውነት ነው፣ ብሎኝ ነበር፤ ያውም ከሁለት ሳምንት በፊት። ደብተሬ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ አልጻፍኩትም። ሲከፈት የአየር ፊልትሮው በአፋር አቧራ ታፍኗል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ገጽ ታች «ሹፌሩ ምን አለ?» የሚል መስመር አለ። ከሁሉም ዓምዶች የሚጠቅመው እሱ ነው።

ናፍጣ የሚሸጥ ሹፌር የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ግን መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መኪናውን መፈተሽ፣ ከዚያ ነው ሰው መጠርጠር።

አነዳዱ ላይ ሦስት ነገሮችን ብቻ ተነጋገሩ።

ፍጥነት። የነፋስ ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 90 ሲወጣ ግፊያው በ27 በመቶ ይጨምራል። የሚተርፈው ጊዜ ደግሞ ሚሌ ኬላ ላይ ቆሞ ያልቃል።

ቆሞ ማስነሳት። የከባድ መኪና ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይበላል። ወረፋ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ይጠፋ። ሎጊያ ወይም ጋላፊ በሙቀት ለማደር ኤሲ የሚያበራ ሹፌር ጋር ግን ጥብቅ አልሆንም። ሌሊቱን ሙሉ 24 ሊትር ቢሄድ 2,400 ብር ነው። ያልተኛ ሹፌር የሚያመጣውን ዕዳ አስቡት።

ፎሌ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል የቆየ እምነት አለ። ተቃራኒው ነው። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ናፍጣውን ጨርሶ ይዘጋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ናፍጣ መርጨት አለበት። በዚያ ላይ ክብደቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል ደግሞ አይይዝም። ይህን ለሹፌሩም ለረዳቱም ንገሩ፤ ማታ ማታ ረዳቱ የሚነዳባቸው መኪኖች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን።

መሸለምም አለ። ለመስመሩ ልኬት ከተያዘ በኋላ ከ672 ሊትር በታች የመጣውን ግማሽ ለሹፌሩ ስጡ። በ640 ከጨረሰ 32 ሊትር ተረፈ፤ 3,200 ብር፤ 1,600ው የእሱ ነው። የዚያኑ ቀን ይከፈለው። ወር መጨረሻ ካላችሁት አያምናችሁም።

ደረጃ 6፦ ጎማ

ለእያንዳንዱ ጎማ ቁጥር ስጡት። ከ1 እስከ 22። ጎኑ ላይ ያለውን የፋብሪካ መለያ ቁጥር፣ የገባበትን ቀንና ኪሎ ሜትር መዝግቡ። አንደኛ፣ የትኛው ብራንድ በእናንተ መንገድ እንደሚከርም በስድስት ወር ታውቃላችሁ፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ ጎማ ሄዶ አሮጌ አይመለስም።

ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ስህተት አለ። ከሰዓት በኋላ ገዋኔ አካባቢ አስፋልቱ ሲግል ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ረዳቱ ይፈራና ያስተነፍሰዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ያ ጎማ ከልኩ በታች ሆኗል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሄዳል፣ ይግላል፣ በማግስቱ ይፈነዳል። የፈነዳው በነፋስ ብዛት ይመስላቸዋል፤ በማነሱ ነው። የጋለ ጎማ አይተነፈስ።

ጎን ለጎን ከገቡት ሁለት ጎማዎች አንዱ ነፋሱ ካነሰ ሌላው የሁለቱን ሸክም ይይዛል። በመዶሻ መምታት ጨርሶ የተኛውን ይነግራል፤ ትንሽ ያነሰውን ግን አይነግርም። መለኪያ ግዙ። በመካከላቸው የተሰነቀረ ድንጋይም ይውጣ። ከጋላፊ ወዲያ በጂቡቲ በኩል ያለው መንገድ ለዓመታት ሹፌር ያስለቀሰ ነው፤ ከዚያ ሲመለሱ ዞር ብሎ ማየት ደግ ነው።

የታደሰ ጎማ ተሳቢው ላይ እንጂ ፊት ላይ አይገባም። በዚህ አልደራደርም።

ስለ ትርፍ ጭነት አንድ ነገር። መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአክስሉ ክብደት አራተኛ ኃይል ያድጋል ይባላል፤ 10 በመቶ ትርፍ ጉዳቱን በ46 በመቶ ያሳድጋል። መንገዱ የመንግሥት ነው የሚል ካለ፣ ባሌስትራውና ጎማው የራሱ ነው። ሚዛን ጣቢያ ላይ የሚታየው ጠቅላላ ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ አክስል ነው። ጠቅላላው ልክ ሆኖ ጆንያው ወደ ኋላ ስለተከመረ ብቻ የተያዘ መኪና አውቃለሁ። ጫኞቹ ሲጭኑ ሹፌሩ አጠገባቸው ይቁም።

ደረጃ 7፦ ሰርቪስ

አጭር ነው። በኪሎ ሜትር እንጂ በወር አትቁጠሩ። ዘይትና ፊልትሮ ላይ አትቆጥቡ። የአየር ፊልትሮ ከመመሪያው ቀድሞ ይታይ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ «ያው ነው» ሲላችሁ አስተያዩ። ርካሹ ኩሽኔታ በረሃ ላይ ሲነክስ፣ መካኒክ ከአዳማ ማምጣቱ፣ የቆመው ሦስት ቀን፣ ጭነቱን የሚጠብቀው ሰው፣ ሁሉም ተደምሮ ኦሪጅናሉን አራት ጊዜ ይገዛል።

ደረጃ 8፦ የመውረጃ ጭነት ያዋጣል?

ባዶ መውረድ ያማል። ስለዚህ ደላላ ደውሎ «ከአዳማ 300 ኩንታል ቦሎቄ፣ በኩንታል 200 ብር» ሲል ልብ ይዘላል። 60,000 ብር፤ ባዶ ከመሄድ ይሻላል አይደል? ይወሰናል።

ጭኖ ለመውረድ የሚጨመረው ናፍጣ 84 ሊትር ቢሆን 8,400። የጎማ ጉዳት 3,000። ደላላና ጫኝ 5,000። እስካሁን 16,400። ለመጫንና ለማራገፍ 3 ቀን ከጨመረ 21,000፤ ድምር 37,400። ያዋጣል፣ ጫኑ። 7 ቀን ከጨመረ ግን 49,000 ነው፤ ድምር 65,400። ባዶ መውረድ ይሻላል። መቁረጫው ስድስተኛው ቀን ላይ ነው።

ደላላው ዋጋውን እንጂ ቀኑን አይነግራችሁም። ቀኑን እናንተ ጠይቁ። ቦሎቄው ተበጥሯል? ጆንያ ገብቷል? ጂቡቲ ላይ ኮንቴይነሩ ተዘጋጅቷል? ሽቅቡ ላይ ደህና ዋጋ ያለው ጭነት የሚጠብቃችሁ ከሆነ ደግሞ የቀኑን ዋጋ ከ7,000 ከፍ አድርጋችሁ አስሉት፤ የምታጡት ወጪውን ብቻ አይደለም።

ደረጃ 9፦ ዋጋ ስትጠየቁ

አሁን በስልክ ላይ ሆናችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ከቀን ውጭ ያለው ወጪ 122,520። ቢያጆው 9 ቀን ይፈጃል ካላችሁ 63,000 ጨምሩ፤ 185,520። ለ400 ኩንታል ሲካፈል 464 ብር። ይህ ወለሉ ነው፤ ትርፍ የሚጀምረው ከዚህ በላይ ነው። 440 የሚል ሰው ሲመጣ መቆጣት አያስፈልግም። ወይ ይቀራል፣ ወይ ቀኑ ያጥራል። «7 ቀን ውስጥ እንዳልፍ ወረፋ ካስያዝክልኝ እሠራዋለሁ» ማለት ይቻላል። በ7 ቀን ወለሉ 429 ነውና።

ቁጥሮቹን በየወሩ አድሱ። የናፍጣ ዋጋ ሲቀየር ግን የዚያኑ ቀን። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ዋጋው ስንቴ እንደተለወጠ ታስታውሳላችሁ። በእኛ ምሳሌ ናፍጣ በሊትር 10 ብር ከጨመረ ቢያጆው ላይ 6,720 ብር ይጨመራል፤ በኩንታል 17 ብር ገደማ ነው። ያን ቀን ማታ ለደንበኞቻችሁ ሁሉ ደውላችሁ 17 ብሩን ንገሯቸው።

መጋዘን በር ላይ አንድ ቀን መቆም ደግሞ 7,000 ብር ነው፤ በኩንታል 17 ብር ከ50። ናፍጣ 10 ብር ጨመረ ሲባል ማህበሩ በሙሉ ይሰበሰባል። መኪናው አንድ ቀን ሲቆም ግን ማንም አይደውልም። እናንተ ደውሉ።